ማድ ቤት የለመደ ላፕቶፕ

ላፕቶፔ መጀመሪያ የሞተው ገጽ 43 ላይ ነው። የምተዳደረው በትርጉም ሥራ ነው፤ ያን ክረምት የያዝኩት የዶሮ እርባታ መመሪያ ነበር። የፈንግል በሽታ ምልክቶች ላይ ደርሼ «ዶሮዋ ድብት ትላለች፤ ክንፏን ትጥላለች፤ አንገቷ ይጣመማል» ብዬ አራት ነጥቡን ልመታ ጣቴን ሳነሳ፣ ከዶሮዋ ቀድሞ ላፕቶፑ ድብት አለ። ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ። ከላይ በስተግራ ሁለት ነጥብና አንድ ቅንፍ ብቅ አሉ፤ አንገት ዘንበል አድርገው ሲያዩት ያዘነ ፊት ነው።

ይህን ፊት ማይክሮሶፍት ያመጣው በዊንዶውስ 8፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ሰማያዊ ስክሪን ነጭ ፊደል የተደረደረበት፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ የመሰለ ነገር ነበር፤ ባይገባህም ታከብረዋለህ። አዲሱ ግን ያዝንልሃል። ሥራህን ከበላ በኋላ ለቅሶ ሊደርስህ ይመጣል። ቆይተው ዊንዶውስ 10 ላይ ኪውአር ኮድ ጨመሩበት፤ ነፍሱ ልትወጣ ጥቂት ሰከንድ የቀረው ማሽን «ፎቶ አንሱኝ» ሲል አስቡት። በ2025 ደግሞ ዊንዶውስ 11 ላይ ሰማያዊው ቀርቶ ጥቁር ሆኗል፤ ለሐዘኑ ደንብ እሱ ሳይሻል አይቀርም። የእኔ አሮጌ ስለሆነ በሰማያዊው ቀጥሏል።

አንድ ጊዜ ቢሆን ይሁን ብዬ ባለፍኩት። በማግስቱ ሦስት ጊዜ ሞተ። ሴቭ ማድረግ የሚባል ነገር ትዝ የሚለኝ ስክሪኑ ሰማያዊ ከሆነ በኋላ ነውና ገጽ 43ን አራት ጊዜ ተረጎምኩት። አራተኛው ትርጉም እጅግ ያማረ ነበር። እሱም አብሮ ሄደ።

ቤታችን ውስጥ ምርመራ ተጀመረ። ባለቤቴ ጥፋቱን መብራት ላይ ጣለችው፤ ሠፈራችን መብራት በቀን ሁለት ሦስቴ ብልጭ ድርግም የሚልበት ስለሆነ መጠርጠሯ አይከፋም። ላፕቶፑ ግን በባትሪም ይሞታል። አማቴ ከዚያ የጠለቀ ነገር ታያቸው። «ልጄ፣ ይህን ነገር ሰው ፊት አትክፈተው» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። እሁድ ቡና ሊጠጡ የመጡት ጎረቤታችን «ውይ ሲያምር!» ብለው እንደነበር አስታወሱኝ። ላፕቶፑ ሰባት ዓመቱ ነው፤ አንደኛው ማጠፊያው በፕላስተር ታስሯል። በዚህ ማን ይቀናል ብዬ ስከራከር «ዓይን ምን ምርጫ አለው?» ብለው ዘጉኝ። እኔ ደግሞ ቫይረስ ነው አልኩ። የእኔ ትውልድ ለኮምፒውተር የሚያውቅለት በሽታ እሱን ብቻ ነው።

ከአማቴ ብዙም አልራቅንም፣ እውነቱን ለመናገር። ባንክ ሄደን አንድ ሰዓት ተሰልፈን፣ ተራችን ሲደርስ ልጅቷ ቀና ብላ «ሲስተም የለም» ስትለን «የት ሄደ?» ብሎ የሚጠይቅ አለ? ዝናብ የለም እንደማለት አድርገን ነው የምንቀበለው። ነገ ከፈቀደ ይመጣል ብለን ወደ ቤታችን እንሄዳለን።

ጥገና ቤት ወሰድኩት። ይህቺ ከተማ ውስጥ ላፕቶፕ ታቅፈህ ጥገና ቤት ከገባህ የሚታዘዝልህ መድኃኒት አንድ ነው፤ ፎርማት። ፎርማት እንደ ጸበል ነው፤ ለሁሉም ይሆናል፣ ሕመምህ ምን እንደሆነ የሚጠይቅህ የለም። ልጁ ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት «ፎርማት ይፈልጋል፣ ጋሼ። ዲ ላይ ያለው አይነካም» አለኝ። ሲ ላይ ያለውስ? ብለው ትከሻውን ሰበቀ።

ሦስት ቀን ሰላም ሆነ። አማቴ እንኳ «ልጁ እጁ ቀና ነው» ብለው መረቁት። በአራተኛው ቀን ሳሎን፣ የለመድኩት ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ የእንቁላል ማስፈልፈያ ሙቀት ስተረጉም ያ ፊት ተመልሶ መጣ። ሁለተኛው ጥገና ቤት ራሙን ነቅሎ በላጲስ ጠረገው። ቀልድ አይምሰላችሁ፤ የራም ጥርሶች ሲቆሽሹ የእርሳስ ላጲስ በደንብ ያጸዳቸዋል፤ ስንቱን ላፕቶፕ ከሞት አስነሥቷል። የእኔ ራም ግን በሌላ ሰው ጥፋት የታሰረ ነበርና ንጹሕነቱ ይበልጥ ተረጋግጦ ተመለሰ። ከፋኑ ሥር ሦስት ፍሬ የገብስ ቆሎ ወጣ። ለቆሎውም ከፈልኩ።

ነገሩን ያገኘችው ባለቤቴ ናት። አንድ ቅዳሜ ሳሎኑ በእንግዳ ተሞልቶ ማረፊያ ሳጣ ላፕቶፔን ይዤ ጓሮ ማድ ቤት ገባሁ። ማድ ቤታችን ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው። እሷ እንጀራ ትጋግራለች፣ እኔ በርጩማ ላይ ሆኜ እተረጉማለሁ። አንድ ሰዓት ሠራሁ። ሁለት ሰዓት። እንጀራው አለቀ፤ ላፕቶፑ አልሞተም። በማግስቱ ሳሎን ይዤው ብገባ ሃያ ደቂቃ አልቆየም። ወደ ማድ ቤት ስመልሰው ነፍስ ዘራ።

«ይሄ ላፕቶፕ ማድ ቤት ይወዳል» አለች ባለቤቴ። ቆየት ብላ ደግሞ፣ «ባለቤቱን አልመሰለም።»

እንግዲህ ማድ ቤት የገባ ሰው እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። መጀመሪያ «እስኪ ያቺን ጭልፋ አቀብለኝ» ነበር። ከዚያ «ወጡን አማስልልኝ፣ እንዳያርብኝ» መጣ። በሳምንቱ ሽንኩርት እከትፋለሁ። በግራዬ «ዶሮዎችን ከጭንቀት መጠበቅ ያስፈልጋል» እያልኩ እጽፋለሁ፤ በቀኜ ባለቤቴ ዶሮ 12 ቦታ ትበልታለች። ለዶሮ ወጥ የሚሄደውን የሽንኩርት ብዛት ከትፎ ያላየ ሰው ወጡ ተሰጥኦ ብቻ ይመስለዋል። እንባዬ ኪቦርዱ ላይ ይንጠባጠባል። ላፕቶፑ ግን ደስ ብሎታል። ደህና ያልሆነው ኢንተርኔቱ ብቻ ነው፤ ማድ ቤት ድረስ ስለማይመጣ ሼልፍ ላይ አቧራ የጠጣውን የወረቀት መዝገበ ቃላት አወረድኩ። ይህን እንደ ችግር እንጂ እንደ ፍንጭ አላየሁትም። ተርጓሚ ነኝ፣ መርማሪ አይደለሁም።

ለአዲስ ዓመት የእህቴ ልጅ መጣ። ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ ይማራል። ሽርጥ አገልድሜ፣ ላፕቶፑን ሊጥ ያለበት ባልዲ ክዳን ላይ አስቀምጬ አገኘኝና ስቆ ሲጨርስ፦

«ጋሼ፣ እዚህ ዋይፋይ ይደርሳል?»

«አይደርስም።»

«ሳሎንስ?»

ራውተሩ ያለው ሳሎን ነው። ከወንበሬ በላይ፣ መደርደሪያው ላይ። ለካ ቆርቆሮ የሬዲዮ ሞገድ አያሳልፍም፤ ማድ ቤታችን ለላፕቶፑ እንደ ገዳም ሆኖለት ነበር። ከዓለም ሲርቅ ጤነኛ ነው፤ ከዓለም ጋር ሲገናኝ ይሞታል። በዚህ በኩል እኔም የዜና ሰዓት ሲደርስ እንደሱ ነኝ።

ልጁ ቀጥሎ ያሳየኝ ነገር ነው ይበልጥ ያሳፈረኝ። ዊንዶውስ ከመሞቱ በፊት ኑዛዜ ይጽፋል። «ሚኒደምፕ» የሚባል ፎልደር ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። ስንት ጊዜ ተናዞ ኖሯል፤ ሄዶ ያነበበለት ሰው ነው የጠፋው። ከፎርማቱ በፊት የነበሩት ኑዛዜዎች ከነሬሳቸው ተቀብረዋል፤ ከዚያ ወዲህ የተጻፉት ዘጠኝ ነበሩ። ልጁ «ብሉ ስክሪን ቪው» በምትባል ነጻ፣ ትንሽ ፕሮግራም ከፈታቸው። ዘጠኙም የሚከሱት አንድ ፋይል ነው፤ ስሙ ተነባቢ ብቻ የተጠቀጠቀበት፣ መጨረሻው ነጥብ ሲስ የሚል። «የዋይፋዩ ድራይቨር ነው» አለ።

«ሹፌሩ ነው?» አሉ አማቴ ከበሩ ላይ።

«ሹፌር አይደለም፣ እማማ፤ ድራይቨር ማለት ሶፍትዌር ነው…»

«ታዲያ ሰው ከገደለ ምን ትጠብቃላችሁ? ቀይሩታ!»

ኋላ ላይ ሳስበው ከሁላችንም በፊት ትክክለኛውን መፍትሔ የተናገሩት እሳቸው ናቸው።

ልጁ ሊያስረዳኝ ሞከረ። ዊንዶውስ የራሱ ቋንቋ አለው፤ የዋይፋይ ካርዱም የራሱ። አይግባቡም። መሃል ገብቶ የአንዱን ለሌላው የሚያደርሰው ድራይቨሩ ነው። «አስተርጓሚ በለው፣ ጋሼ» አለኝ። አነጋገሩ ከነከነኝ። ሁለት ወር ሙሉ በመብራቱ፣ በጎረቤታችን ዓይን፣ በራሙና በቆሎው ላይ ስፈርድ ኖሬ ጥፋተኛው የሙያ ባልደረባዬ ሆኖ ተገኘ።

እኔስ ብሆን መቼ ስህተት አጥቼ አውቃለሁ? አንድ ጊዜ የማዳበሪያ ጽሑፍ ላይ አንድ ዜሮ ጨምሬ አርታኢው ባይደርስልኝ ኖሮ የስንቱ ገበሬ ማሳ በተቃጠለ። ነገር ግን ስሳሳት አገር አይፈርስም። የእሱ ስህተት ቤቱን ሁሉ ይዞ የሚወድቀው ለምንድን ነው? ይህ የገባኝ በቤተ መንግሥት ሥርዓት ሳስበው ነው። እኔ የምጽፍበት ፕሮግራም፣ ልጆች የሚጫወቱበት ጌም፣ ሙዚቃ ማጫወቻው፣ እነዚህ ሁሉ ደጅ ጠኚዎች ናቸው። አንድ ነገር ሲፈልጉ አቤት ብለው በደንቡ ያስገባሉ፣ መልሱን ውጭ ሆነው ይጠብቃሉ። አንዱ ቢያብድ ዘበኛ ጎትቶ ያስወጣዋል፤ ግብሩ አይቋረጥም። ድራይቨር ግን እልፍኝ ውስጥ ነው ያለው። ከርነል ይሉታል እነሱ። እዚያ የገባ ሰው አይፈተሽም፤ እጁ ያልደረሰበት ዕቃ የለም። እሱ ያበደ ቀን የሚይዘው የለም።

አስተርጓሚ የእልፍኝ ሰው ሲሆን ምን እንደሚያመጣ ለእኛ የሚነግረን አያስፈልግም። የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ሲፈረም አንቀጽ 17 በአማርኛው ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መላላክ ይቻላቸዋል ይል ነበር፤ በጣሊያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ተወሰደ። በአንዲት ግሥ የተነሣው ጠብ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ነው የተፈታው። ያኔም ሪስታርት አድርጎ ማለፍ የሚፈልጉ ነበሩ፤ አልሆነም።

የስህተቱን ስም ሰማያዊው ስክሪን ራሱ ይጽፈዋል፤ «ድራይቨር አይአርኪውኤል ኖት ለስ ኦር ኢኳል»። በሙያዬ ልተረጉመው ሞክሬ «የአቋራጭ ጥያቄ እርከኑ ያላነሰ ወይም ያልተስተካከለ ድራይቨር» ላይ ደረስኩ፤ ይህን ለደንበኛ ባስረክብ ክፍያዬን አላገኝም። ቃሉን ትቶ ነገሩን መናገር ይሻላል። ኮምፒውተር አንዳንድ ሥራ አለው፣ ከተጀመረ ማንም የማያቋርጠው፣ ማንም «ጠብቁኝ» የማይልበት። ቅዳሴ በሉት። ዲያቆኑ ሊያነብ ቆሞ ወደ መጽሐፉ እጁን ቢዘረጋ የለም፤ ቤቱ ረስቶታል። ቅዳሴውን አስቁሞ ሄዶ ማምጣት አይፈቀድለትም፤ ያለ መጽሐፍ ማንበብም አይችልም። የእኔ ዋይፋይ ድራይቨር ያደረገው ይህን ነው፤ በዚያ ሰዓት እጁን የዘረጋበት ማስታወሻ በቦታው አልነበረም። ዊንዶውስም ተሸንፎ አልወደቀም። በተዘባረቀ ነገር ዲስኩን ከማበላሸት ብሎ በራሱ ፈቃድ ቆመ። ስንት ጊዜ ሰድቤው ነበር፤ ለካ ገጽ 1 እስከ 42ን እያዳነልኝ ኖሯል።

ይህን ካወቅኩ ወዲህ ለሌሎች ተጎጂዎችም አንጀቴ ይራራል። እ.ኤ.አ. በ1998 ቢል ጌትስ ቺካጎ መድረክ ላይ ዊንዶውስ 98ን ሊያስተዋውቅ ቆሞ፣ ረዳቱ አንድ ስካነር ሲሰካ ያ ሰማያዊ ስክሪን ከነግርማው አዳራሹ ሙሉ ሰው ፊት ተዘረጋ። በ2003 የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንደጻፉት ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ በወቅቱ ከተመዘገቡት ብልሽቶች 85 በመቶው የመጣው ከድራይቨር ነው። እልፍኝ መግባት አሁንም ያው ነው፦ በሐምሌ 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ጥበቃ ድርጅት የላከው አንድ የተበላሸ ፋይል፣ ማይክሮሶፍት እንደገመተው፣ ስምንት ሚሊዮን ተኩል ኮምፒውተር ደፋ። ሊጠብቅ የገባ ዘበኛ ነው ይህን ያደረገው።

ወደ ቤቴ ልመለስ። በሽታው ከታወቀ መድኃኒቱ ቀላል መስሎኝ ነበር። ዲቫይስ ማኔጀር ገባን፤ «ሮል ባክ ድራይቨር» የምትል ቁልፍ አለች፣ የድሮውን ድራይቨር የምትመልስ። ደብዝዛለች፤ አትነካም። ልጁ ጥቂት አስቦ «ጋሼ፣ ፎርማት አስደርገህ ነበር?» አለኝ። አዎ ስለው ራሱን ያዘ። ለካ አሮጌውና ጤነኛው ድራይቨር እዚያው ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ፎርማቱ አጠበው። ሦስቱ የሰላም ቀናትም የጥገና ቤቱ ልጅ እጅ ስለቀና አልነበሩም፤ ዊንዶውስ በራሱ ጊዜ ያንኑ የተበላሸ ድራይቨር በዋይፋይ አውርዶ እስኪጭን የፈጀበት ጊዜ ነው። ለጸበሉ ከፍዬ ሰይጣኑ ተመልሶ ሲገባ በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ትክክለኛውን ድራይቨር ከላፕቶፑ አምራች ገጽ ማውረድ ያስፈልጋል። ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። ኢንተርኔት ለማግኘት ሳሎን መግባት ያስፈልጋል። ሳሎን ከገባ ይሞታል። ሁለት ጊዜ ሞክረን ማውረዱ 60 በመቶ ሲደርስ ያ ፊት መጥቶ አዘነልን። ሦስተኛውን ልሞክር ስል ልጁ ስልኩን አውጥቶ በቻርጀር ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኘው፤ ኢንተርኔቱ በገመድ ገባ፣ አስተርጓሚውን ሳያናግር። የእኔ ፍላሽ ይዞ ኢንተርኔት ካፌ መሄድ የሚል ሐሳብ በትሕትና ታለፈ።

ያወረድነው አዲሱን አይደለም፤ የሁለት ዓመት አሮጌ ነው። የነበረውን ስናነሣ «ሶፍትዌሩንም አብረህ አጥፋ» የምትለዋ ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ አለብህ አለኝ፤ አለዚያ በፊት በር ተባርሮ በጓሮ ይመለሳል። ኃይል ለመቆጠብ ካርዱን የሚያስተኛውንም ምልክት አነሣልኝ፤ ከእንቅልፍ ሲነቃ የሚደናገጥ ካርድ አለ፣ እንደ አንዳንድ ሰው። ሁሉም ነገር አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ሁለት ወር፣ ሁለት ጥገና ቤት፣ አንድ ፎርማት፣ ሦስት ፍሬ ቆሎ፣ አሥር ደቂቃ።

ሳሎን ተመለስኩ። ላፕቶፑ አንድ ሳምንት ሙሉ አልሞተም። መመሪያውን ጨርሼ አስረከብኩ። የወረቀቱ መዝገበ ቃላት ሼልፉ ላይ ወጣ። የተደሰተው ሁሉም አልነበረም፤ ባለቤቴ አንድ ሁለት ጊዜ ከማድ ቤት ብቅ ብላ «ደህና ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ደህና ነው ስላት «ጥሩ» አለች፤ ግን ጥሩ ያለችው እንዴት እንደሆነ ያገባ ሰው ያውቃል።

በታኅሣሥ አንድ ቅዳሜ ሻይ ይዤ ቁጭ አልኩ። ሌላ መመሪያ ጀምሬያለሁ፤ ስለ ንብ ነው። ሌሊቱን ዊንዶውስ አፕዴት ሲያደርግ አድሯል። የንቧን ክንፍ ገና ሳልጨርስ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ። ሁለት ነጥብና ቅንፍ።

አልደነገጥኩም። ልጁ ያስቀመጠልኝ ፋይል ፍላሹ ላይ አለ፤ ሥራው አሥር ደቂቃ ነው፤ አፕዴቱ ድራይቨር እንዳይነካ የሚከለክለውንም አሳይቶኝ ሄዷል፤ ሰንፌ ሳላደርገው ነው የቀረሁት። ፍላሹን ከመሳቢያው አወጣሁ።

«ያ ነገር ተመልሶ መጣ እንዴ?» አለች ባለቤቴ ከጓሮ።

ከማድ ቤት የዶሮ ሽታ ይመጣል። ፍላሹን አየሁት።

«መጣ» አልኩ።

«እንግዲህ ና፤ ሽንኩርቱን ልጬ አስቀምጬልሃለሁ።»

ላፕቶፑን አጥፌ ተነሣሁ።